በሐጂ ዩያ ዱላ ውስጥ ያልነበረው ስለት

ይህን ለዓመታት ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ፊት በየዓመቱ ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ በወታደር አፍ መሳደቤን፣ አንድ ጊዜም አጥር ሳሳጥር ወደ ጎረቤቴ ትንሽ መግፋቴን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ስግደት ያዝዙልኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህኛውን ግን መልሼ እውጠው ነበር። ፍተሻ ላይ ቁልፉንና ሳንቲሙን ቶሎ ቶሎ አውጥቶ የሚዘረግፍ ሰው አለ፤ ሽጉጡ ጫማው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ መለየት እንጀራዬ ነበር። ራሴን ግን ሳልፈትሽ አሳለፍኩት።

እርስዎ አንባቢዬ፣ ዛሬ የንስሐ አባቴን ወንበር ለእርስዎ ለቅቄያለሁ። ይቀመጡና ይስሙኝ። ስግደቱን መጨረሻ ላይ ያዝዙልኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ አቦከር ነው። የአያቴ አባት ከሸዋ ጦር ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ወንድ ልጅ ሲወለድ ምን ይሆናል ተብሎ አይጠየቅም። እኔም ወታደር ቤት ገባሁ፣ መኮንን ሆንኩ፣ በረሃውንም ደጋውንም አየሁት፣ ሻለቃ በሆንኩ ማግስት ግራ ጆሮዬን መድፍ አደንቁሮት በጡረታ ወጣሁ። ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ የክልሉ ምክር ቤት የጥበቃ ኃላፊ ይፈልጋል የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ ከፋኝ። ጦር የመራ ሰው በር ይጠብቅ?

«በር ጠባቂ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?» አለች ሚስቴ። «ቅዱስ ጴጥሮስም እኮ በር ላይ ነው ያለው።»

ሥራውን ስይዘው ወደድኩት። አዳራሹን ከጉባኤ በፊት እየዞርኩ አያለሁ፣ ሰው ከየት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ እወስናለሁ፣ አፈ ጉባኤው ሲገቡ ከኋላቸው እቆማለሁ። ሕግ አውጪዎቹ ሕግ ሲያወጡ እኔም የራሴን አወጣሁ፤ ከበሩ ወዲህ ዱላ አይገባም አልኩ። ሐረር ላይ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ከዙሪያው ገጠር የሚመጣ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ ሳያጋድም ከቤቱ አይወጣም። ሕዝብ በተጠራ ቀን የበሩ ጥግ የዱላ ጫካ ይሆናል። ባለቤቶቹ ሲወጡ ግን ማንም የማንንም አይሳሳትም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መዝዞ ይሄዳል። ይህን እያየሁ እስቅ ነበር። እንጨት ከእንጨት በምን ይለያል? እላለሁ።

ያን ጠዋት የተጠራው ጉባኤ ስለ አንድ ምንጭ ነበር። ምንጩ ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል ሲኬድ ያለ ቀበሌ ውስጥ ነው፤ ማሽላውም ሽንኩርቱም ከብቱም የሚኖረው በዚያው ምንጭ ነው። አንድ ባለሀብት ምንጩን አጥሮ ውሃውን በጠርሙስ ሊሸጥ ጠይቋል። ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት የነዋሪውን ቃል ልስማ አለ፤ የቀበሌው ሰዎች ደግሞ ሁላችንም ከምንንጫጫ አንድ ሰው ይናገርልን ብለው ሐጂ ዩያን ላኩ።

ሐጂ ዩያ በዚያ አካባቢ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። አባታቸውም እንደዚያው። ሰው ሲጣላ፣ ደም ሲፈስ እንኳ፣ ሐጂ መጥተው ዱላቸውን በሁለቱ ወገኖች መሐል መሬት ላይ ያጋድሙታል። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ያን ዱላ ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ከአባታቸው እጅ ወደ እሳቸው እጅ የመጣ ዱላ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው ብዬ ባመልጥ ደስ ባለኝ። ግን ሐረር ላይ ተወልዶ የሽማግሌ ዱላ ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ? አውቅ ነበር።

ለፍተሻ ሲቀርቡ ብረት መፈተሻው ዱላቸው ላይ ጮኸ። አንገቱ አካባቢ የነሐስ ቀለበት አለበት።

«ዱላው እዚህ ይቀመጣል፣ ሐጂ። ሲወጡ ይወስዱታል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ለመሄጃ ቢሆን እሰጥህ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። «ለመናገሪያ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ኡሌውን፣ ዱላውን፣ ሳይዝ አይናገርም። ቢናገርም ቃል አይባልለትም፣ ወሬ ነው። ሰዎቼ የላኩኝ ወሬ እንዳወራ አይደለም።»

ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። እኔም ሰው ፊት ደንቤን ማጠፍ አልወድም። «ግድ የለም፣ ይፈተሽና ንጹህ ከሆነ ተራዎ ሲደርስ በገዛ እጄ አመጣልዎታለሁ» አልኩ። «የመኮንን ቃል ነው።»

«የመኮንን ቃል ካልክ ወላሂ ይበቃኛል» አሉና ዱላውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

ወደ ፍተሻ ክፍሉ ይዤው ገባሁ። እዚያ የነበረችው ሴቶችን የምትፈትሸው ዘይቱና ብቻ ናት። ቀለበቱን አየሁት። አየሁትና አያቴ ትዝ አለኝ።

አያቴ ከዘራ ነበረው፤ አንገቱ ላይ የነሐስ ቀለበት ያለበት። ልጅ ሆኜ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ ቀለበቱን ጠምዘዝ ሲያደርገው ከውስጡ ቀጭን ስለት ሹልክ ይላል። በዓል በመጣ ቁጥር አሳየኝ እያልኩ እለምነዋለሁ። ገበያ የሚወርደው፣ ሰው ቤት የሚገባው፣ ሽምግልና የሚቀመጠው ያንኑ ይዞ ነው፤ ሁሉም የሽማግሌ ምርኩዝ ይመስለው ነበር። እኔ ብቻ አውቃለሁ፣ በዚህም እኮራለሁ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ስለት በከዘራ ደብቀን የኖርን እኛ ነን፤ ስለት በዱላ ይደበቃል ብዬ ሌላውን የጠረጠርኩት ግን እኔ ነኝ።

ቀለበቱን ጠመዘዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ዝጎ ነው አልኩ። በጨርቅ ይዤ ጠመዘዝኩት። እምቢ አለ። ያን ጊዜ ተውኩት? አልተውኩትም። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተጫንኩት። ቀው አለ።

ስለት አልነበረውም። ምንም አልነበረውም። እንጨቱ ከድሮ ጀምሮ ቀለበቱ ሥር ስንጥቅ አለበት፤ አንድ ሰው በጅማት ጠፍሮ፣ ጅማቱን በነሐስ ቀለበት ሸፍኖ፣ እንዳይለያይ አድርጎ ጠግኖታል። ለጥገና የዋለውን ቀለበት ነው መደበቂያ ያደረግሁት። ሁለቱን ስባሪ በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ።

ዘይቱና አፏን በሻርፗ ያዘች። «ሻለቃ፣ ምን አደረጉ?»

አሁን እጠይቅዎታለሁ፤ ያን ሰዓት ምን ይቀርብኝ ነበር? ወጥቼ «ሐጂ፣ ሰበርኩብዎ፣ ይቅርታ» ብል ምን ይነካኝ ነበር? ባፍር ለአንድ ቀን ነው። እሳቸው አስታራቂ ናቸው፣ ስባሪውን ይዘው ይናገሩ ነበር። ይህን ዛሬ ሳስበው እንዴት ቀላል ነው! ያን ቀን ግን እኔ ሻለቃ ነኝ። ከበታቾቼ አንዷ ቆማ ታየኛለች። የደንቡ ባለቤት እኔ፣ የመኮንን ቃል የሰጠሁ እኔ፣ የሽማግሌ ዱላ በጉልበቴ የሰበርኩ እኔ። ይህ ሁሉ እኔ አንድ ላይ ይቅርታ ሊጠይቅ አልቻለም።

በዚህ መሐል ከአዳራሹ ተጠራሁ። የሐጂ ዩያ ተራ ደርሷል፤ ማይክራፎኑ ፊት ቆመው «ኡሌዬ ይምጣልኝ፣ ሻለቃው ቃል ሰጥቶኛል» ብለው እየጠበቁ ነው። አፈ ጉባኤው በእጃቸው ጠሩኝ። ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ «ዱላው ውስጥ ስለት ተገኝቶበታል» አልኳቸው።

እምላለሁ፣ ለእሳቸው ጆሮ ብቻ ነበር። ሐጂን ቀስ ብለው ያስወጡልኝና ነገሩ በዚያው ያልፋል ብዬ ነው። የአፈ ጉባኤው ማይክራፎን ግን ክፍት ነበር። ቃሌ በአዳራሹ ሙሉ ተሰማ። ደንቆሮው ጆሮዬ በሕዝቡ በኩል ስለነበር ጉርምርምታውን እንኳ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ቀና ስል ሰው ሁሉ ሐጂ ዩያን ያያል፤ ሐጂ ዩያ ባዶ እጃቸውን ያያሉ።

«ስለት?» አሉ። «በአባቴ ኡሌ?»

ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገሩም። ስለ ውሃው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ክርናቸውን ይዤ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ በአክብሮት ነው ያወጣኋቸው፣ ደረጃው ላይ እንኳ ደገፍኳቸው። በሩ ላይ ቆም አሉና «ልየው» አሉኝ።

«ማስረጃ ነው፣ አይታይም» አልኳቸው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል ይህ ነው። አፈ ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ስለቱን አሳየኝ ብለዋል። ምሳ ሰዓት ቤቴ ሄድኩ። የአያቴ ከዘራ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሚስቴ ከጓዳ «ምን ፈልገህ ነው?» ስትለኝ «መነጽሬን» አልኳት። ቀለበቱን ጠመዘዝኩ። አያቴ ዘይት ሲቀባው ስለኖረ እንደ ጥንቱ ሹልክ አለልኝ። ስለቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ባዶውን ከዘራ መልሼ ሰቀልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ስሰማ በሰው ነበር የምስቀው።

አፈ ጉባኤው ስለቱን ጠረጴዛቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «የወታደር ዓይን ምንም አያመልጠውም» አሉኝ። ፖሊስ ይጠራ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ «ሽማግሌ ናቸው፣ በምክር ይታለፉ» አልኩ። አዛኝም ሆኜ ወጣሁ! ይህቺን ነው ከሁሉ አብልጬ የምጠላት፤ ከውሸቴ ይልቅ ምሕረቴ ታንገፈግፈኛለች። በዓመቱ መጨረሻ በጭብጨባ መሐል የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። የአዳራሹ ጥበቃ ኃላፊ የነበርኩት የግቢው ሁሉ ኃላፊ ሆንኩ። ከሌላ ቦታ የሚመጡ ጠባቂዎችን ሳሠለጥን «አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ» ብዬ ያንኑ ታሪክ እንደ ትምህርት እነግራቸው ነበር። ደጋግሜ ስነግረው እውነት እየመሰለኝ መጣ።

ዘይቱና በወሩ መጥታ ሥራ ልልቀቅ አለችኝ። «ለጠየቀኝ ሁሉ ቦርሳ እየፈተሽኩ ነበር፣ አላየሁም ብያለሁ» አለች። «ግን አቦ ሻለቃ፣ እሳቸው አጎቴን ከሚስቱ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሰፈር ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። እንዴት ብዬ አሜን ልበል?» ፈረምኩላት።

ወሬው የዚያኑ ቀን ጊደር መጋላ ገበያ ደርሷል። ዩያ አዳራሽ ውስጥ ስለት ይዞ ገባ፣ ሲያስታርቅም ስለቱን መሐላችን ነው የሚያስቀምጠው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና የጠራቸው የለም። ምንጩም ታጠረ። የቀበሌው ሴቶች አጥሩን ዞረው ሩቅ ወርደው መቅዳት ጀመሩ። ሐጂ ዩያ ይናገሩ ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ ነበር? አላውቅም። የማላውቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። ሐጂ ዩያ ገበያ ሲመጡ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ሌላ ዱላ አልያዙም። ኤረር በር ሲደርሱ መዳፋቸውን የጀጎል ግንብ ላይ አድርገው፣ ግንቡን እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ የሰው እጅ ሲደገፍባቸው የማያውቁት ድንጋዮች ለእሳቸው ምርኩዝ ሆኑ። እኔ ያን ሳይ መንገድ እለውጣለሁ። ይህቺ ከተማ መቼም መንገድ አታጣም፣ በየጠባቡ ቀጭን መተላለፊያ እየታጠፍኩ አመለጥኳቸው። ከምክር ቤቱም በጡረታ ወጣሁ፤ ተሸኘሁ፣ ተሸለምኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ኤረር በር ሽንኩርት እየመረጥኩ፣ በደንቆሮው ጆሮዬ በኩል መጥተውብኝ ኖሮ ሳልሰማ ትከሻዬን ነኩኝ። ዞር ስል ሐጂ ዩያ ናቸው።

«ሻለቃ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። «ስፈልግህ ነው የኖርኩ። ና፣ እዚህ ጥላው ውስጥ እንቀመጥ።»

ግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አውቀዋል፣ ዛሬ አለቀልኝ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ይኸው ነጋ አልኩ። ልቤ ግን፣ አያፍሩብኝና፣ ቅልል ብሎት ነበር።

«ላመሰግንህ ነው» አሉኝ።

ሽንኩርቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ያን ስለት አንተ ባታገኘው እስከ ሞት ድረስ እይዘው ነበር። በስንት ሰው ደም ላይ፣ በስንት እርቅ ላይ አጋድሜዋለሁ፣ ያ ረቢ! ሰላም አውርዱ እላለሁ፣ ውስጡ ስለት አለ። እኔ አላወቅሁም፤ አባቴ ግን ቀለበቱን ያሰረው እሱ ነው፣ ያውቃል። ሲያስታርቅ ኖሮ ኡሌው ውስጥ ስለት ይዞ ነበር ለካ።» መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አሳረፉ። «ቀብሩ ድረስ ሄጄ ዚያራ ማድረግ ትቻለሁ። እግሬ እምቢ አለኝ። ዱዓ ላደርግለት እጄን ሳነሳ ያ ስለት ይመጣብኛል።»

ገባዎት? አምነውኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የማስበው ሰውየው እኔን እየረገሙ ይኖራሉ ብዬ ነው። እሳቸው ግን የመኮንን ቃል ብለው አመኑኝና አባታቸውን ካዱ። የቀማኋቸው ዱላውን፣ ስማቸውን፣ ውሃውን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አባታቸውን ነው የቀማኋቸው።

እሺ፣ ያን ጊዜስ ተናገርኩ? አልተናገርኩም! እጃቸውን ሳምኩ፣ «አይዞዎት ሐጂ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ሽንኩርቴን አንጠልጥዬ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ጥፋት ድንጋጤ አደረሰኝ ብል ሰምተው ያልፉኝ ይሆናል። ይህኛውን ግን ተረጋግቼ፣ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ እየተመሰገንኩ ነው የሠራሁት።

ቤቴ ገባሁ። ባዶው ከዘራ ተሰቅሏል። ያኔ ከቢሮ ደብቄ ያመጣሁት የሐጂ ዱላ ሁለት ስባሪ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ በአሮጌ ካፖርቴ ተጠቅልሎ እስከዚያ ቀን ነበር፤ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም፣ ሁለቴ ልጥለው ወጥቼ ይዤው ተመልሻለሁ። በቀጣዩ ሳምንት ካፖርቱን እንዳለ አቅፌ ወደ ቀበሌያቸው ወረድኩ።

ሐጂ ዩያ ደጃቸው ላይ ጥላ ውስጥ ነበሩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ተቀመጥ ቢሉኝ አልተቀመጥኩም። ቀለበቱን፣ ጉልበቴን፣ ጅማቱን፣ ማይክራፎኑን፣ የአያቴን ከዘራ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስባሪዎቹን ዘርግቼ አሳየኋቸው። እሳቸው እኔን አላዩኝም። ጣታቸውን በጅማቱ ላይ እያስኬዱ «ጠግኖት ነው» አሉ። «አባቴ ጠግኖት ነው። አልሐምዱሊላህ! ጠግኖት ነው እኮ!» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ያ ሁሉ ጊዜ ስለ እኔ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም እዚያ መቆሜን የረሱ መሰለኝ።

ቆይተው ቀና አሉ። «የእኔን አውፍ ብዬሃለሁ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ይቅር በሉ ስል ኖሬ ራሴ እምቢ ልል ነው? የአባቴን ግን እኔ አውፍ አልልህም። የእኔ አይደለማ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በጉባኤ ተናገርክ፣ ወሬው ጊደር መጋላ ደረሰ። አሁን ጊደር መጋላ ተናገር፣ ወሬው ጉባኤ ይደርሳል።»

ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ አብረን ሄድን። ጦር ያዘዝኩ ሰው ነኝ፤ እህል ተራው መሐል ግን እንደ ምልምል ቆምኩ። «ስሙኝ!» አልኩ። ማሽላ የምትሰፍር ሴት ቀና ብላ «ምን ትሸጣለህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እና መንገድ ልቀቅ አቦ!»

ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ ሐጂ ዩያ መዳፋቸውን ከተደገፉት የሱቅ ግድግዳ ላይ አንስተው ትከሻዬ ላይ አደረጉ። የሚያውቋቸው ዞር ዞር አሉ፤ ከቀበሌያቸው የመጡትም ነበሩ። ጸጥታው ከእኛ ዘንድ ጀምሮ ቀስ እያለ ሰፋ። እኔም ተናገርኩ። «እኔ የምክር ቤቱ ጥበቃ ኃላፊ የነበርኩት ሻለቃ ነኝ» አልኩ። «በእኚህ ሰው ዱላ ውስጥ ስለት አልነበረም። አባታቸው የሰላም ሰው ነበሩ። ዱላውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስለቱ የአያቴ ነው። ዋሽቻለሁ።»

የጮኸብኝ አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ብቻ ከኋላ «ውሃችንስ?» አለ። ዛሬም ምንጩ እንደታጠረ ነው፤ እኔ ስለተናዘዝኩ አንዲት ጀሪካን ውሃ አልተመለሰም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይፍቱኝ ብዬ አልጠይቅዎትም። ደንግጬ ነው፣ ወታደር ነኝ፣ ዘመኑ ነው አልልም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ስግደቱን ግን ካዘዙልኝ፣ ጉልበቴ ይበቃዋል፤ ዱላ መስበሪያ አድርጌው የለ?

እዚያው ገበያ መሐል፣ ይዤ የሄድኩትን ስባሪዎች ለሐጂ ዩያ አቀበልኳቸው፤ እንደ እሳቸው በሁለት እጄ። ሁለቱን አመዛዘኑና ቀለበቱ ያለበትን የላይኛውን ያዙ። ክንድ ቢያህል ነው።

«ለመሄጃ አጥሯል» አሉ። «ለመናገሪያ ይበቃል።»

ከዚያ ስባሪውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ጎልማሳው ዞሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ የዚህ ሰውዬ ወገኖች» አሉ፤ ገበያው ፈገግ አለ። «እኔ ያን ቀን የመጣሁት ስለ ውሃችን ልናገር ነበር። አሁን እናገራለሁ። ያ ምንጭ አባቴ ልጅ ሳለ . . .»

እኔም እንደ ድሮው ከተናጋሪው ኋላ ቆምኩ። የሚሰማውን ጆሮዬን ወደ እሳቸው አዞርኩና እስከ መጨረሻው ሰማሁ።